ኪዳን የሚያደርሱ ዓሦች

ደስታነሽ የገዛ ኩሬዋ ዘበኛ መሆኗን የሰማችው ሐሙስ ጠዋት፣ ፀሐይ ገና ሳትወጣ፣ ከአጥሩ ኋላ ጎንበስ ብላ ፊቷን ስትታጠብ ነው። ታላቅ ወንድሟ ዳኘው ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ከጅጋ ድረስ የመጡ እንግዶችን ጫማ ያስወልቃል። አንዲት ሴትዮ "ያቺ ከወዲያ ያለችው ማን ናት?" አለችው። ዳኘው ዞር ብሎ እንኳ አላየም። "እሷ እኅቴ ናት፤ ውሃውን የምትጠብቅልን" አለ።

የምትጠብቅልን! ኩሬውን ሁለት በጋ ሙሉ በዶማ የቆፈረችው እሷ፣ አፈሩን በቅርጫት ተሸክማ ያወጣችው እሷ፣ የዓሣ ጫጩቶቹን ከባሕር ዳር በጄሪካን ይዛ፣ በየማቆሚያው የሚኒባሱን ረዳት እየለመነች ውሃ የቀየረችላቸው እሷ። ዳኘው ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ "የዕብድ ጉድጓድ" ይለው ነበር። አባታቸው ሲሞቱ ደህና ደህናውን መሬት ወስዶ ረግረጉን የተወላት ዓሣ ይሆንበታል ብሎ አይደለም፤ ምንም አይሆንበትም ብሎ ነው። አሁን ያው ረግረግ ሰው የሚጎርፍበት ቦታ ሆነና ዳኘው ከንጋት እስከ ረፋድ ዳሩ ላይ ቆሞ "ቀስ በሉ፣ አትግፉ፣ ሴቶች በግራ" ይላል። በሕይወቱ እንዲህ ተሰምቶ አያውቅም፤ ላሞቹም አይሰሙትም።

ወንድምና እኅት ከመሬቱ ክፍፍል ወዲህ ዐሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊት አልተነጋገሩም። በአንድ ግቢ፣ በሁለት ቤት፣ በአንድ አጥር ተለያይተው ስለሚኖሩ ግን መነጋገር የግድ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ለአጥሩ ይናገራሉ። "የሰው ላም ገብስ ውስጥ ገብታለች" ይላል ዳኘው ለአጥሩ። "የሰው ላም የገባችው የሰው በር ክፍት ስላደረ ነው" ትላለች ደስታነሽ ለአጥሩ። የዳኘው ሚስት የሞተች ጊዜ እንኳ ደስታነሽ ሦስት ቀን ሙሉ ለቅሶ ቤቱን ስታስተናግድ ቆይታ "እግዜር ያጥናህ" ያለችው ለአጥሩ ነው። ዳኘውም አጥሩ አጠገብ ቆሞ "አሜን" አለ።

እንግዶቹን ከጅጋና ከደምበጫ፣ አንዳንዱንም ከቡሬ የሚያመጣው ነገር ይህ ነው፦ ጎህ ሲቀድ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ለኪዳን ጸሎት ሲደወል፣ የኩሬው ዓሦች በሙሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። አፋቸውን ከውሃው በላይ ያደርጉና ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ደግሞ ይከፍታሉ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ተመልሰው ይወርዳሉ። "ኪዳን እያደረሱ ነው" ብሎ መጀመሪያ የተናገረው ዳኘው ይሁን ሌላ በውል አይታወቅም፤ ዳኘው ግን አላስተባበለም። ሰው ተንበርክኮ ያያል፣ ያለቅሳል፣ ስለት ይሳላል፤ ከዚያም ዳቦውን እየቆረሰ፣ ንፍሮውን እየዘገነ ለአገልጋዮቹ ወደ ውሃው ይወረውራል።

ደስታነሽ ለምን እንደሚወጡ ታውቃለች። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ዐሥራ አራት ዓመት ዓሣ ስትበልት ኖራለች። ዓሣ በማለዳ አፉን የሚያወጣው አየር ሲያጥረው ነው። ጥምቀት ሲቃረብ የሰፈሩ ወንዝ በውሃ መሳቢያ ሞተር ተመጥጦ ስለ ደረቀ፣ ዳኘው በሰበካው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ "እኛ ዘንድ ውሃ አለ" አለ። እሷን አልጠየቃትም። ቢጠይቃትም እምቢ አትልም ነበር፤ ታቦት በደጇ ሲያልፍ ድምጿ እስኪዘጋ እልል ብላለች፣ አልቅሳለችም። ውሃው ከተባረከ በኋላ ግን ጎረምሳው በሙሉ ከነልብሱ ዘለለበት። ጭቃው ከሥር ተነሣ፣ ለቆነጃጅት የተወረወረው ሎሚ ውሃው ላይ ተንሳፎ ሰነበተ፣ ወደ ኩሬው የሚገባው ጅረትም እንደ ክር ቀጠነ። ከዚያ ደግሞ ዳቦው መጣ። ዳቦው ሥር ወርዶ ይበሰብሳል፣ የቀረችውን አየር ይበላል፣ ዓሦቹ በማግስቱ ይበልጥ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ሰው ይበልጥ ያምናል፣ ይበልጥ ዳቦ ይወረውራል። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ከጅረቱ አፍ ዘንድ ሦስት ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው አገኘች። ዛሬ ሦስት ከሆነ ነገ ሠላሳ፣ ከነገ ወዲያ ሁሉም ነው። ዓሣው ቢያንስ ግማሹ ዛሬውኑ ካልወጣላት የሁለት ዓመት ልፋቷ ይገማል። ቅርጫቷን አንሥታ ወደ ውሃው ስትራመድ ዳኘው ለአጥሩ፣ "ታቦት የባረከውን ዓሣ የነካ እጅ ይደርቃል ይላሉ ሰዎች" አለ። ደስታነሽም ለአጥሩ፣ "ታቦት የባረከው ዓሣ እየሞተ ነው ይላሉ ሰዎች" አለች። ሃያ የሚሆኑ እንግዶች ዞረው አዩአት። ዓይናቸው ደግ አልነበረም። ቅርጫቷን አስቀመጠች። ከሞቱት አንዱን በፌስታል ጠቅልላ ወደ ፍኖተ ሰላም ለመሄድ ከቡሬ መንገድ ላይ ባጃጅ ያዘች።

ባለባጃጁ ሽታው ሲደርሰው "እናቴ፣ ምንድን ነው የያዝሽው?" አላት። ዓሣ መሆኑን ስትነግረው "ኪዳን ከሚያደርሱት ነው እንዴ?" አለ። ነው ስትለው የከፈተውን ዘፈን ዘጋና መዝሙር ከፈተ። እስከ ከተማው መግቢያ ድረስ በዝግታ ነዳ፤ የጋሪ ፈረስ እንኳ ቀደማቸው። ስትወርድ ግን ትናንት ሠላሳ የነበረውን ሂሳብ አርባ አላት፤ መንፈሳዊ መሆኑና ነዳጅ መወደዱ አልተጋጨበትም።

የግብርና ቢሮው የዓሣ ባለሙያ ምስክር ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ጨዋና ቶሎ የሚደነግጥ ሰው ነው። ግድግዳው ላይ በአገራችን ወንዝም ሐይቅም የማይገኝ የባሕር ዓሣ ሥዕል ተለጥፏል። ፌስታሉን ፈታ፣ ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥብ ከፍቶ አየ፣ አፍንጫውን ይዞ መልሶ ቋጠረው።

"ታፍኖ ነው፣ እትዬ። ሌላ ምንም የለውም" አለ። "ግማሹ ዛሬውኑ ይውጣ። ዳቦ የሚባል ነገር ደግሞ አይግባ።"

"እሱንስ እኔም አውቃለሁ። የመጣሁት ና ልልህ ነው። ለሰዎቹ አንተ ንገርልኝ፤ የመንግሥት ሰው ነህ፣ የተማርህ ነህ።"

ምስክር በሩን አየ፣ ከዚያ መስኮቱን አየ። "እትዬ፣ እኔ የተማርሁት ዓሣ ነው። እናቴ ማክሰኞ ዕለት እርስዎ ዘንድ መጥታ ውሃውን በሃይላንድ ቀድታ ወስዳለች። ጠዋት ጠዋት እኔንም ትረጨኛለች። ዓሦቹ የሚያደርሱት ኪዳን አይደለም ብዬ ብናገር ማታ ቤት የምታስገባኝ ይመስልዎታል?" አለ። ሰው የሚፈራውን በግልጽ ሲናገር ደስታነሽ አትቆጣም፤ የሚያስቆጣት ሌላ ሰበብ የሚደረድር ነው። ምስክር ወደ ዕቃ ቤቱ ገብቶ አንድ ትልቅ መረብ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ከታች እርሳስ፣ ከላይ ተንሳፋፊ ቡሽ፣ በሁለቱም ጫፍ ገመድ አለው። "ይኸን ይውሰዱ፤ እኔ አላየሁም" አላት። "ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ ሆኖ ካልጎተተው እንደ ቀሚስ ተጠቅልሎ ይቀራል።"

ሁለተኛው ሰው እንግዲህ ከየት ይምጣ? መረቡን በአንድ እጇ፣ ፌስታሉን በሌላው ይዛ ወደ ናዚፋ ዓሣ ቤት ሄደች። ናዚፋ የልብ ወዳጇ ናት፤ ዓሣ ሲደርስ እገዛልሻለሁ ብላ ቃል የሰጠቻት ኩሬው ገና ጉድጓድ ሳለ ነው። ዓሣ ቤቷ ሁለት ክፍል አለው። የፊተኛው ለሁሉም ነው። የኋለኛው መጋረጃ አለው፤ ጾም ሲገባ፣ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እስኪያልቅ መጠበቅ ያቃታቸው ደንበኞች ከመጋረጃው ኋላ ይቀመጣሉ። ናዚፋ ማን እንዳለ ስለማታይ ለማንም አትናገርም። የዚያን ቀን ነነዌ ሰኞ ሊገባ ነውና የፊተኛው ክፍል ሞልቷል፤ ጉላሽ ያለው ጉላሽ፣ ጥብስ ያለው ጥብስ እያለ ይጣራል፤ ዓሣ ግን ሊያልቅባት ነው።

ናዚፋ ወዳጇን አስቀምጣ፣ ሳትጠየቅ ምሳ አቀረበችላት። ሁሉንም ሰማች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ስሚኝ እቴ ደስታነሽ" አለች። "ዓሣሽን እፈልገዋለሁ። ግን ታቦት የወረደበትን ውሃ ዓሣ እስላሟ ናዚፋ ጠበሰችው፣ ሸጠችው ቢባል ነገ ይህ ቤት ቤት ይሆናል? ከአያቴ ጊዜ ጀምረን እዚህ ከተማ ኖረናል፤ በአንድ ድስት ዓሣ አልጣላም።"

ደስታነሽ ሳህኑን ገፋ አደረገች። እውነቷን ነው። ናዚፋ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ጨመረች። "አንድ የእናንተ ትልቅ ሰው፣ ሁሉም የሚያምነው፣ በሰው ፊት አንዱን ዓሣ ይብላ። እሱ ከበላ እኔ በሁለት ባጃጅ ባልዲ ይዤ እመጣለሁ። በአሥር ሰዓት ከግቢያችሁ አጥር ውጭ እቆማለሁ፤ ካልበላም ተመልሼ እሄዳለሁ፣ አትቀየሚኝ።"

ሁሉም የሚያምነው ትልቅ ሰው አንድ ነው። የኔታ ወልደ ዮሐንስ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቄስም መምህርም እሳቸው ናቸው። የጥምቀት ዕለት ውሃውን የባረኩትም እሳቸው ናቸው። ደስታነሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወደ እሳቸው ያልሄደችው ለዚህ ነው። የባረኩትን ልብላው ብሎ ሰው ቄስ ፊት እንዴት ይቆማል?

የኔታን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ የዋርካው ጥላ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጥርስ የላቸውም፣ ቆሎ ግን አልተዉም፤ በውሃ ዘፍዝፈው አንድ አንዱን ይመጡታል። መስቀል ተሳልማ ተቀመጠች። አፏን ከመክፈቷ በፊት "በፌስታሉ ያለው የሞተው መቼ ነው?" አሏት።

"ዛሬ ጠዋት ነው፣ የኔታ።"

"ኪዳን እያደረሰ?"

ደስታነሽ ሊቆጧት ነው ብላ አንገቷን ደፋች። ከዚያ የሆነው ሁሉ ወጣላት፤ አየሩ፣ ዳቦው፣ ምስክር፣ ናዚፋ፣ ዘበኛ መባሏ። ዘበኛ መባሏ ላይ ስትደርስ አለቀሰች። ዓሣው ቢያልቅ ዳግመኛ ትቆፍራለች፤ ክንድ አላት። ያቺ አንዲት ቃል ግን ሁለት ዓመቷን ከእጇ ወስዳባት ነበር። የኔታ እስክትጨርስ ቆሎ መምጠጣቸውን አቆሙ።

"እኔ ደግሞ የራሴን ልንገርሽ ልጄ" አሏት። "ጠዋት ደወል አስደውዬ ኪዳን ሳደርስ ስንት ሰው እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ሦስት። አንዱ እንቅልፋም ነው። ሌላው ሁሉ ደወሌን ሰምቶ ወደ አንቺ ዓሦች ይሄዳል። ስድሳ ዓመት ዜማ ተምሬ ዓሣ በለጠኝ!" ከዚያ ምርኩዛቸውን ፈለጉ። "አንሺኝ እስቲ፤ ወገቤ እምቢ ብሏል።"

የኔታ ወደ ኩሬው እየሄዱ ነው የሚለው ወሬ ከእሳቸው ቀድሞ ደረሰ። በአሥር ሰዓት ኩሬው ዳር የጠዋቱን ያህል ሰው ነበር። ዳኘው ነጠላውን እንደ አዲስ አጣፍቶ ሊቀበላቸው ወጣ፤ ኩሬው ዳር ንጹሕ ምንጣፍም አንጥፏል። ናዚፋ ከአጥሩ ውጭ ባልዲዎቿንና የከሰል ምድጃዋን ይዛ ቆማለች፤ አትገባም፣ አትሄድም።

የኔታ ምንጣፉ ላይ አልተቀመጡም። ውሃውን አዩ፣ ያበጠውን ዳቦ በምርኩዛቸው ገፋ አደረጉት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "ይኸን ውሃ የባረክሁት እኔ ነኝ" አሉ። "እኔ ደግሞ ኃጢአተኛ ሽማግሌ ነኝ። የጥብርያዶስን ባሕር ግን ጌታ ራሱ በእግሩ ሄዶበታል። ከዚያ ወዲያ ያን ባሕር ማን ይባርከው? ጴጥሮስ ግን ከዚያው ባሕር መቶ ኀምሳ ሦስት ዓሣ በመረብ ጎተተ፣ ጌታም ፍም ላይ ዓሣ አኑሮ ጠበቃቸው፣ 'ኑ ምሳ ብሉ' አላቸው። ኑ ተንበርከኩለት አላላቸውም። ይኸ ፍጥረት ታፍኖ አየር ሲለምናችሁ እናንተ ዳቦ ትጥሉበታላችሁ። በሉ፣ መረቡን ያዙላት።"

ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እውነት ነው አለ፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን አለ። ጫማውን እንኳ አስቀድሞ አውልቆ ነበር። ሱሪውን የሰበሰበ ግን የለም። እጅ ይደርቃል የሚለውን ሁሉም ሰምቷል፤ ትምህርቱን ቢያምንም መጀመሪያ የሌላ ሰው እጅ ሳይደርቅ መቅረቱን ማየት ፈልጓል። ደስታነሽ ቀሚሷን ቋጥራ እስከ ወገቧ ገባች። የመረቡን አንዱን ጫፍ ይዛ በኩሬው ማዶ ቆመች። ሌላኛው ጫፍ ዳር ላይ ወድቆ ቀረ።

የኔታ ምርኩዛቸውን ጣሉና ገመዱን አነሡ።

"ኧረ የኔታ!" አለ ሰው።

"ዝም በል። ሳቢ ልጄ!" አሉ። ደስታነሽ ልትስብ አልፈለገችም፤ መረቡ ግን ከሥር በዓሣ ተሞልቶ ራሱ መሳብ ጀመረ። የኔታ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተንሸራተቱ። ጥምጥማቸው ወደ ግንባራቸው ወረደ። ሌላ እርምጃ። እግራቸው ጭቃው ላይ ደረሰ፤ ስድሳ ዓመት በቤተ መቅደስ የቆመ እግር። ሰው ሁሉ ጮኸ፣ ማንም አልተነቃነቀም።

ደስታነሽ ከውሃው ውስጥ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። አጥሩን አይደለም፤ እሱን። "አያ ዳኘው!" አለች። "ሰውዬው ሊወድቁ ነው፣ ያዝ እንጂ አያ!"

ዳኘው ዐሥራ አንድ ዓመት ያልሰማውን ሰማ። ከነነጠላው፣ ከነአዲስ ሸሚዙ ዘሎ ገባ። የኔታን በአንድ እጁ ወደ ዳር ገፋቸው፣ በሌላው ገመዱን ጨበጠ፣ ተደናቀፈ፣ ውሃው እስከ አገጩ ደረሰ፣ ተነሣና ጎተተ። ነጠላው ተንሳፎ ከሎሚዎቹ ጋር ሄደ። ለሁለት መረቡን ወደ ዳር አወጡት። ውስጡ እየተንፈራገጠ የሚያበራ የቀረሶ ዓሣ ሞልቶታል፤ መዳፍ የሚያህል አለ፣ ክንድ የሚያህልም አለ። ሰዉ እልል አለ። ዳኘው እጁን ከፍ አድርጎ አገላብጦ አየው። አልደረቀም። ከዚያ በኋላ መረቡን ለሁለተኛ ጊዜ ሊጎትት የተጋፋው ሰው ብዛት ለቁጥር ያስቸግራል።

ናዚፋ ከአጥሩ ውጭ ፍም አቀጣጥላ ነበር። የመጀመሪያው ዓሣ ተጠብሶ በሳህን ለየኔታ ቀረበ። ሁሉም አንገቱን አሰገገ። የኔታ አማተቡ፣ በድዳቸው ቀስ ብለው አላመጡ፣ ዋጡ። "እንዴት ነው የኔታ?" አለ አንዱ በፍርሃት። የኔታ ጣታቸውን ላሱ። "ጨው ያንሰዋል" አሉ። ናዚፋ ባልዲዎቿን አንሥታ ወደ ግቢው ገባች።

በማግስቱ ዓርብ ደወሉ ሲደወል ወሬው ያልደረሳቸው እንግዶች ደግሞ መጡ። ኩሬው ጸጥ ብሏል። የተረፉት ዓሦች ሥር ሆነው እንደ ልባቸው ይተነፍሳሉ፤ አንድም አፍ ብቅ አላለም። ዳኘው በጉንፋን ታፍኖ፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ እንደ ወትሮው ዳሩ ላይ ቆሟል። ከቡሬ የመጣ አንድ ሰውዬ ውሃውን ብዙ ጊዜ አየና "ኧረ የታሉ? ኪዳን አያደርሱም እንዴ?" አለው።

ዳኘው ወዲያና ወዲህ አየ። ሦስት ሳምንት የኖረበትን ክብር በአንድ ጀምበር ይጥላል እንዴ ሰው? "ሱባዔ ገብተዋል" አለ።

"እስከ መቼ?"

ዳኘው ሊመልስ አፉን ከፈተ፣ አስነጠሰው፣ ተወው። "እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?" አለ በአገጩ እያመለከተ። "ያቻት የኩሬው ባለቤት። የቆፈረችውም፣ ዓሣውን ያመጣችውም፣ ያሳደገችውም እሷ ናት። እሷን ጠይቃት።"

ደስታነሽ ከአጥሩ ኋላ ጎንበስ ብላ ፊቷን ትታጠብ ነበር። እጇን እንደ ዘረጋች ውሃው በጣቶቿ መካከል ፈስሶ አለቀ። ያን ቀን ዓይኗ ቀልቶ የዋለው ሳሙና ገብቶበት ነው፤ የጠየቃት ሁሉ የሚሰማው ይህንኑ ነው።